ስለ ጸፍጸፍና ስለ ሞዛይክ ሥዕል አሠራር

የዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 19፥ ቍጥር 13 ላይ ጲላጦስ ለፍርድ የተቀመጠበትን ስፍራ ጸፍጸፍ ብሎ ይጠራዋል፤ በዕብራይስጥም ገበታ እንደሚባል ይጨምራል። ይህን ቃል ምእመናን በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ሲነበብ ይሰሙታል፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ጠይቆ የተረዳ ግን ጥቂት ነው። የግሪኩ መጽሐፍ በዚህ ቦታ ሊቶስትሮቶን ይላል። ሊቶስ ድንጋይ ነው፤ ስትሮቶን የተነጠፈ ማለት ነው። እንግዲህ ጸፍጸፍ በድንጋይ የተነጠፈ ወለል መሆኑ ነው። ሮማውያንም ይኸንኑ የግሪክ ቃል ወስደው በተመረጠ ድንጋይ ለተነጠፈ ጌጠኛ ወለል ይጠሩበት ነበር። መጽሐፈ አስቴርም በመጀመሪያው ምዕራፍ የፋርስ ንጉሥ ግብዣ ያደረገበት አደባባይ ወለሉ ኅብሩ ልዩ ልዩ በሆነ ድንጋይ የተሠራ እንደ ነበረ ይተርካል።

ከዚህ ከወለል ንጣፍ ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የወጣው ጥበብ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ሞዛይክ በሚባል ስም ነው። ድምፁ የሙሴን ስም ስለሚመስል የኦሪት ነገር አድርጎ የሚወስደው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ከሊቀ ነቢያት ከሙሴ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቃሉ ከላቲኑ ሙሲቩም የመጣ ነው፤ ሙሲቩምም አረማውያን ግሪኮች የጥበባት እመቤቶች እያሉ ያከብሯቸው ከነበሩት ከሙሳዎች ስም እንደ ወጣ የቋንቋ ሊቃውንት ያመለክታሉ። ስሙ ከአረማውያን ይምጣ እንጂ ጥበቡ ወደ ከፍተኛው ማዕረግ የደረሰው በክርስቲያኖች እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሞዛይክ ከምን እንደሚሠራ፥ እንዴትም እንደሚሠራ፥ ይልቁንም ሠሪዎቹ ለብርሃን ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደ ነበር በመጠኑ እናስረዳለን። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሞዛይክ ማለት ጥቃቅን የድንጋይ፥ የመስታወት ወይም የሸክላ ቅንጣት እየተለቀመ፥ ባልደረቀ ልስን ላይ ጎን ለጎን እየተተከለ የሚሠራ ሥዕል ነው። ሠዓሊ ቀለሙን በጥብጦ፥ አንዱን ከሌላው አዋሕዶ ይቀባል። ሞዛይክ ሠሪ ግን ቀለሙን ሊበጠብጠው አይችልም። ቀይ ቅንጣት ቀይ ነው፤ ሰማያዊም ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱ የሚዋሐዱት ራቅ ብሎ በሚመለከት ሰው ዐይን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከቅርብ ሲያዩት የተሰገሰገ ጠጠር ብቻ የሚመስለው ነገር፥ ወደ ኋላ ሸሸት ሲሉ የሰው ገጽ ይሆናል። ሠሪው በእጁ የሚነካውን ሥዕል በዚያው ሰዓት ሊያየው አይችልምና፥ ከቅርብ እየሠራ ከሩቅ ማሰብ ግዴታው ነው።

አጀማመሩ እጅግ የራቀ ነው። በሰናዖር ምድር፥ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 10 በሚያነሣት በኦሬክ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ሺህ ዓመት የነበሩ ግንበኞች ከሸክላ የሾጠጠ ችንካር ሠርተው፥ ራሱን ቀይ፥ ጥቁርና ነጭ እያደረጉ፥ ጫፉን በለስላሳው ልስን ውስጥ እየሰኩ ግንባቸውን እንደ ጥልፍ አስጊጠውበታል። በእስክንድር አገር በመቄዶንያ፥ በጴላ ከተማ፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአራተኛው ምእት ዓመት ከተሠሩት ቤቶች የአንበሳና የዋላ አደን የተሣለባቸው ወለሎች ተገኝተዋል፤ የተሠሩበትም ጠጠር ያልተጠረበ፥ ድቡልቡል ጠጠር ነው። ኋላ ጠጠሩን በአራት ማዕዘን እየቈረጡ መትከል ተጀመረ፤ ያን ጊዜ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ተጠጋግቶ ስለሚገጥም የዐይንና የከንፈር ሥራ ተቻለ።

የወለል ሞዛይክ እንዴት ይነጠፍ እንደ ነበር ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምእት ዓመት የኖረው ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዮስ ጽፎ ትቶልናል። በመጀመሪያ መሬቱ ይደለደላል፤ በላዩም ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ ይነጠፋል። ቀጥሎ ሦስት እጅ የተሰበረ ድንጋይ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ተደባልቆ ይፈስና ብዙ ሰዎች ተሰልፈው በእንጨት ይወቅጡታል። በዚህ ላይ ሦስት እጅ የተደቈሰ ሸክላ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ተለውሶ ይደረባል፤ ውፍረቱም ከስድስት ጣት እንዳያንስ ያዝዛል። የተደቈሰ ሸክላ ከኖራ ጋር ሲዋሐድ የምድርን ርጥበት ይቋቋማልና ሥራው በከንቱ የተጨመረ አይደለም። ጠጠሩ የሚተከለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በቀጭን የኖራ ልስን ላይ ነው። ከላይ የሚታየው ድንጋይ የጣት ውፍረት እንኳ የለውም፤ ከሥር የተቀበረው ግን ክንድ ያህል ይሆናል። ሺህ ዓመት አልፎት ዛሬም የሚረገጥ ወለል በዚህ ዐይነት ዝግጅት የቆመ ነው።

ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን መሥራት በጀመሩ ጊዜ የወለሉን ጥበብ እንዳለ ተቀበሉት፤ ነገር ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ተነሣ። ወለል ይረገጣል፤ የሚረገጥ ነገር ላይ ምን ይሣላል? በ427 ዓ.ም. ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዘይንእስ የመድኃኒታችን የመስቀሉ ምልክት በወለል ላይ እንዳይቀረጽና እንዳይሣል፥ ተሠርቶ የተገኘውም እንዲነሣ በሕግ አዘዘ። ሕጉ በሁሉ ስፍራ እኩል አልተጠበቀም፤ የነገሩ አቅጣጫ ግን ከዚህ ይታወቃል። በወለል ላይ የወይን ሐረግ፥ ወፍ፥ ዓሣ፥ የአራዊት አደን፥ የመከር ሥራ ሲሣል፥ የጌታችን፥ የእመቤታችንና የቅዱሳን ሥዕል ወደ ግድግዳው ወጣ።

ከወለሎቹ አንዱን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ከዮርዳኖስ ማዶ በሞዓብ ምድር፥ መጽሐፍ ቅዱስ ሜድባ በሚላት፥ ዛሬ ማዳባ በምትባለው ከተማ፥ በስድስተኛው ምእት ዓመት በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የተሠራ የቅድስት ምድር ካርታ አለ። የተገኘውም በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በፍራሹ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ነው፤ ብዙው ክፍል ጠፍቷል። የተረፈው ኢየሩሳሌምን ከነቅጥሯ፥ ከነበሯና ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ያሳያል፤ የግብፅ ዓባይም ወደ ባሕር ሲከፋፈል ይታያል። በዮርዳኖስ ውስጥ ከሚዋኙት ዓሦች አንዱ ወደ ጨው ባሕር ከመግባት ፊቱን መልሶ ወደ ላይ ይዋኛል፤ በዚያ ባሕር ዓሣ እንደማይኖር ሠሪው በጥቂት ጠጠር ተናገረ።

የግድግዳው ሥራ ከወለሉ የሚለየው በብዙ ነገር ነው። ግድግዳ አይረገጥምና እንደ ወለል ጠንካራ ድንጋይ ብቻ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ መስታወት ገባ። መስታወት ከአሸዋ የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን አሸዋ ብቻውን በእቶን እሳት በቀላሉ ስለማይቀልጥ የሚያቀልጠው ጨው ይጨመርበታል። በሮማውያንና በመጀመሪያዎቹ የቍስጥንጥንያ ነገሥታት ዘመን ይህ ጨው ናትሮን የሚባለው ነበር፤ ከሚወጣባቸውም ስፍራዎች ዋናው በግብፅ በረሃ ያለው ዋዲ ናትሩን፥ ማለት የናትሮን ሸለቆ ነው። ስፍራው ለእኛ አንባብያን እንግዳ አይደለም። አባ መቃርስና ልጆቹ የተጋደሉበት፥ መጻሕፍቶቻችን ገዳመ አስቄጥስ የሚሉት ይኸው ሸለቆ ነው። መነኮሳቱ ዳዊት ከሚደግሙበት በረሃ የተቈፈረ ጨው ቀልጦ የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ አበራ ማለት ነው። ከዘጠነኛው ምእት ዓመት ወዲህ ግን በናትሮን ፈንታ የተቃጠለ ዕፅ አመድ መጠቀም ተስፋፋ።

የቀለጠው መስታወት ኅብሩን የሚያገኘው ከማዕድን ነው። ኮባልት ጥልቅ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ መዳብ እንደ እሳቱ አያያዝ አረንጓዴም፥ ውሃ ሰማያዊም፥ ቀይም ይሰጣል፤ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ መልክ ያመጣል። ብርሃን እንዳያሳልፍ የሚያደነግዘው በቀደመው ዘመን አንቲሞን፥ ኋላ ደግሞ ቆርቆሮ ነበር። ከዚህ በኋላ የቀለጠው ነገር እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ይፈስና በዝግታ እንዲበርድ ይደረጋል፤ በችኰላ ከበረደ ይሰነጠቃል። ጣልያኖች ይህን ባለ ቀለም መስታወት ስማልቲ ይሉታል፤ በቬኒስ ከተማ ኦርሶኒ የተባለው ቤት ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል።

የሚቈረጥበት መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ስለት ያለው መሮ አፉን ወደ ላይ አድርጎ በግንድ ጉማጅ ላይ ይተከላል፤ ሠሪው የመስታወቱን ቂጣ በመሮው አፍ ላይ አስደግፎ ከላይ ባለ ሁለት ስለት በሆነ መዶሻ ይመታዋል። ፍላጩ ሲነሣ፥ ለተመልካች የሚዞረው ልስልሱ የላይኛው ፊት አይደለም፤ አዲስ የተሰበረው ጎን ነው። የተሰበረ መስታወት ፊቱ ወጣ ገባ ስለ ሆነ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ኅብሩም ከልስልሱ ፊት ይልቅ ይደምቃል።

ወርቁ የተለየ አሠራር አለው። ሰው እንደሚመስለው የወርቅ ጠጠር የለም። እጅግ የሳሳ የወርቅ ቅጠል በመስታወት ላይ ይነጠፋል፤ በላዩም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ መስታወት ይደረብና በእሳት ይያያዛል። ወርቁ በሁለት መስታወት መካከል ስለ ተቀመጠ አየርም እጅም አያገኘውም፤ አይዝግምም። በወርቅ ፈንታ ብር ሲገባ ነጭ ብርሃን ይሆናል። የቍስጥንጥንያ ሠራተኞች አንዳንድ ጊዜ የወርቁን ቅንጣት ገልብጠው በጀርባው ይተክሉት ነበር፤ ያን ጊዜ ወርቁ ከወፍራሙ መስታወት በስተኋላ ስለሚቀር የደበዘዘ ቡናማ መልክ ያወጣል። አንድ ዕቃ በፊቱና በጀርባው ሁለት ቀለም ሰጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። በአገራችን ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ይሠራና ጨርቁ በግድግዳው ይለጠፋል፤ ይህ የኛ ልማድ ነው። በሞዛይክ ግን ሥዕሉና ግድግዳው አንድ አካል ይሆናሉ። መጀመሪያ ሸካራ የኖራና የአሸዋ ልስን ይመረጋል፤ በአገራችን ጭቃ ከጭድ ጋር እንደሚቦካ ሁሉ በዚህም የተከተፈ ጭድ ይጨመርበታል፥ እንዳይሰነጠቅ። ፊቱም ሳይደርቅ ይጫጫራል፥ ቀጣዩ ልስን እንዲቈነጥጠው። ሁለተኛው ልስን ከዚህ ይልቃል። ሦስተኛው፥ ቅንጣቱ የሚተከልበት፥ ከተነፋ ኖራና ከእብነ በረድ ዱቄት የተዘጋጀ ነው፤ እርሱም የሚለሰነው በዚያ ቀን ሊሸፈን በሚችለው ስፋት ብቻ ነው። ኖራው ከደረቀ ቅንጣት አይቀበልምና ሠራተኛው ከኖራው ጋር ይሽቀዳደማል።

የኛ ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ሳያሰምር ብዕር እንደማያነሣ ሁሉ፥ ሞዛይክ ሠሪም በርጥቡ ልስን ላይ ሥዕሉን በቀለም ሳይነድፍ ቅንጣት አይተክልም። ንድፉ መስመር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሙሉ ሥዕል ነው። ወርቅ የሚተከልበት ቦታ በቀይ ወይም በቢጫ ይቀባል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነጭ ኖራ ሆኖ እንዳያፈጥጥና ወርቁ ሞቅ ያለ መልክ እንዲያገኝ ነው። ከዚህ በኋላ የገጹና የልብሱ መስመር በጨለማ ቅንጣት ይከበባል፤ ውስጡም ይሞላል። የቅንጣቶቹ ረድፍ አካሄድ ራሱ ሥዕል ነው፤ በጉንጭ ላይ ረድፉ ይዞራል፥ በአንገት ላይ ይወርዳል፥ በልብሱ እጥፋት ላይ ይሰበራል። ጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅንጣት ለአንድ ካሬ ሜትር ዐሥር ሺህ ያህል ይበቃል፤ ለፊት የሚሆነው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነውና ጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን አርባ ሺህ ያህል ይፈልጋል። ለሰው ገጽ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መስታወት ሳይሆን ድንጋይ ነው። ድንጋይ ብርሃኑን ይጠጣል፥ መስታወት ይመልሳል፤ ስለዚህ የቅዱሱ ፊት ረጋ ብሎ ሲታይ ልብሱ ያንጸባርቃል፥ ከኋላው ያለው ወርቅም ይነድዳል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በትምህርትና በልምድ የሚገኝ ነው። የጥበቡ ምሥጢር ግን ቅንጣቱን በማዘንበል ላይ ነው። ግድግዳው እንደ መስታወት ልስልስ ቢሆን ብርሃኑን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይመልሰው ነበር፤ በዚያ ወገን የቆመ ሰው ዐይኑ ይታወራል፥ በሌላው የቆመ ጨለማ ያያል። የጥንት ሠራተኞች ግን እያንዳንዱን ቅንጣት በአውራ ጣታቸው ሲጭኑ ጥቂት ያዘነብሉት ነበር፤ ከፍ ባለ ስፍራ የሚተከለውን ወርቅ ይልቁን ፊቱን ወደ ታች፥ ወደ ምእመናኑ ያደርጉታል። አንዱ ቅንጣት ሲበራ ጎረቤቱ ይጨልማል፤ ተመልካቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ የጨለመው ይበራል። በዘይት መብራትና በጧፍ ዘመን ነበልባሉ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ሰው ቆሞም ቢሆን ግድግዳው ይንቀሳቀስለታል። ዛሬ በብዙ ስፍራ ብርቱ የኤሌክትሪክ መብራት ከፊት ለፊት ተተክሎ ይታያል፤ እንዲህ ያለው መብራት ሥዕሉን ይገልጠዋል እንጂ ሕይወቱን ይወስድበታል ብለን እናምናለን።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚሻል ምስክር የምናገኘው በደብረ ሲና ነው። በዚያ በቅድስት ካትሪን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ከመንበሩ በላይ፥ በስድስተኛው ምእት ዓመት የተሠራ፥ የጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃኑን የገለጠበት የሞዛይክ ሥዕል አለ። ጌታችን ነጭ ልብስ ለብሶ በመካከል ይቆማል፤ ሙሴና ኤልያስ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ጴጥሮስ ከእግሩ በታች ወድቋል፤ ዮሐንስና ያዕቆብ በጕልበታቸው ተንበርክከዋል። ዙሪያውን የሐዋርያትና የነቢያት ፊት በክብ በክብ ተሣሏል። ጽሑፉም ሥራው በአበ ምኔቱ በሎንጊኖስ ዘመን እንደ ተፈጸመ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ በላይ፥ በመስኮቱ በግራና በቀኝ፥ ሙሴ በአንድ በኩል በምትነደው ዕፅ ፊት ጫማውን ሲያወልቅ፥ በሌላው በኩል ሕጉን ሲቀበል ይታያል።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ከጌታችን የሚወጣውን ጨረር ነው። ሠሪው ጨረሩን በሥዕሉ ላይ እንደ ተደረበ ክር አላደረገውም። ጨረሩ በነቢያቱና በሐዋርያቱ ልብስ ላይ ሲያልፍ ልብሱ ራሱ በዚያ መስመር ኅብሩን ይለውጣል፥ ይነጣል። ጌታችንን የከበበው ሰማያዊ ደግሞ ወደ እርሱ በቀረበ መጠን እየጨለመ ይሄዳል፤ ብርሃን ከመብዛቱ የተነሣ ዐይን የማይደርስበትን ጨለማ ይመስላል። ይህን በቀለም የሚሠራ ሠዓሊ በአንድ ብሩሽ ይደርሰዋል። በቅንጣት የሚሠራ ግን በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ልብሱ ምን እንደ ነበረና ጨረሩ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ለይቶ መቍረጥ አለበት።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ የደብረ ታቦር ሥዕል እናነጻጽር። በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ርጥበት የዘይት ቀለሙን ሥዕሎች ስለሚያበላሽ፥ በየመሠዊያው ያሉት ሥዕሎች በሞዛይክ እየተቀዱ ተተኩ፤ ለዚሁ ሥራ በ1727 ዓ.ም. በቫቲካን የሞዛይክ መሥሪያ ቤት ቆመ። ስመ ጥሩው ራፋኤል በሞተበት በ1520 ዓ.ም. የቀረው የደብረ ታቦር ሥዕልም በዚህ ዐይነት ተቀድቶ በ1767 ዓ.ም. ተፈጸመ። የቀለሙ ዐይነት እጅግ የበዛ፥ ቅንጣቱ የጠበበ፥ ፊቱም የለሰለሰ ስለ ሆነ፥ የሚያየው ሰው በብሩሽ የተሠራ ይመስለዋል። የእጁ ብልሃት የሚያስደንቅ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሠሪው በብዙ ሺህ ቅንጣት ደክሞ ያገኘው ክብር ቅንጣቱ እንዳይታይ ማድረግ ነው፤ ወርቁም አይንቀሳቀስ፥ ብርሃኑም አይዞር። እኛ ከሁለቱ የሲናውን እንመርጣለን።

የለሰለሰ ፊት በሌላም መንገድ መጣ። በ19ኛው ምእት ዓመት በተስፋፋው አሠራር ቅንጣቱ በግድግዳው ላይ በቀጥታ አይተከልም። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ተገልብጦ ይነደፋል፤ ቅንጣቱ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በውሃ በሚለቅ ሙጫ በወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወረቀቱ ተቈራርጦ ወደ ሕንፃው ይወሰድና በልስኑ ላይ ይጫናል፤ ወረቀቱም በውሃ ይነሣል። በዚህ መንገድ በአንድ ከተማ ተሠርቶ በመርከብ ወደ ሌላ አገር መላክ ተቻለ፤ ዋጋውም ቀነሰ። ለወለል የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ወለል ደልዳላ መሆን ይገባዋልና። ለግድግዳና ለጉልላት ግን ሁሉም ቅንጣት በአንድ ደረጃ ስለሚተኛ ማዘንበሉ ይጠፋል። በቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ሥዕል ለማሠራት የሚያስብ የሰበካ ሹም ቢኖር፥ ከዋጋው አስቀድሞ ቅንጣቱ በግድግዳው ላይ በእጅ ይተከል እንደ ሆነ፥ ልስኑም ኖራ ይሁን ሲሚንቶ ይሁን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሲሚንቶን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ20ኛው ምእት ዓመት ብዙ የጥንት ወለሎች ይጠበቁ ተብሎ ከመሬታቸው እየተነሡ ብረት ባለበት ሲሚንቶ ላይ ተተከሉ። ብረቱ ርጥበት ሲያገኝ ዛገ፤ ዝገቱም አብጦ ሲሚንቶውን ሰነጠቀው፤ ከሲሚንቶው የሚወጣውም ጨው ጠጠሩን በላው። ሺህ ዓመት በኖራ ላይ የኖረው በሃምሳ ዓመት ውስጥ ተጐዳ። በ1977 ዓ.ም. በሮም የሞዛይክ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ማኅበር ከተመሠረተ ወዲህ፥ የተቻለውን ሁሉ በተገኘበት ስፍራ መተውና በኖራ መጠገን እንደሚሻል ባለሙያዎቹ እያስተማሩ ነው። የሲናው ሥዕልም ልስኑ ከግድግዳው ተላቅቆ ለመውደቅ ተቃርቦ ሳለ፥ በቀጭን ቀዳዳ ፈሳሽ ኖራ ከኋላው እየገባለት ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ጥገናው በ2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት እነማን ነበሩ? ሰማዕታትን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ዓ.ም. ባወጣው የዋጋ ድንጋጌ የየሠራተኛው የቀን ደመወዝ ተጽፏል። ወለል የሚያነጥፈው ከምግቡ ጋር 50 ዲናር፥ ሊቃውንት የግድግዳ ሠሪ ነው የሚሉት 60 ዲናር፥ የግድግዳ ቀለም ሠዓሊ 75፥ የገጸ ሥዕል ሠዓሊ ደግሞ 150 ዲናር ያገኛል። ከዚህ እንደምንረዳው ንድፉን የሚያወጣውና ቅንጣቱን የሚተክለው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ በኖራ የተበላው ጣት የንድፍ አውጪውን ግማሽ እንኳ አያገኝም ነበር ማለት ይቻላል። ስማቸውም አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።

ስማቸው ከተጻፈላቸው ጥቂቶች መካከል ሁለቱን በቤተ ልሔም እናገኛለን። በጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን በ1169 ዓ.ም. የተፈጸመ የግድግዳ ሞዛይክ አለ፤ ጽሑፉም በግሪክና በላቲን ቋንቋ ሆኖ፥ ሥራው በንጉሥ ማኑኤል ዘመን በመነኵሴው በኤፍሬም እጅ እንደ ተፈጸመ ይናገራል፤ ኤፍሬምንም ሠዓሊም ሞዛይክ ሠሪም ይለዋል። በእርሱ ንድፉና ተከላው አንድ እጅ ሆነዋል። ሌላው ባስልዮስ የሚባል ዲያቆን ነው፤ በአንዱ መልአክ እግር ሥር ስሙን በላቲንና በሱርስት ጽፏል። መስታወቱ፥ የአገሩ ድንጋይ፥ ወርቁ፥ ብሩና ከባሕር የመጣው የዛጎል ፍላጭ በዚህ ሥራ ላይ አብረው ይገኛሉ። በግድግዳው ላይ የጌታችን ትውልድ፥ ጉባኤዎችም ተሥለዋል፤ ጉባኤዎቹ የተሣሉት በሰው መልክ ሳይሆን በሕንፃ መልክ ነው፥ ውሳኔያቸውም በውስጡ ተጽፏል። ከእነርሱ መካከል እኛ የማንቀበለው የኬልቄዶን ጉባኤ ይገኝበታል፤ የሚሠራውን እጅ ስናደንቅ ይህንንም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

ከጉባኤዎቹ በላይ፥ በመስኮቶቹ መካከል፥ ነጭ ልብስ የለበሱ መላእክት ተሰልፈው ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ልደቱ ዋሻ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጣራው ለብዙ ዘመን ሲያፈስ ስለ ኖረ ብዙው ሥዕል ረግፏል፤ የቀረውም በጧፍና በዕጣን ጢስ ጠቍሮ ነበር። ጣራው ታድሶ ግድግዳው መጠረግ በተጀመረ ጊዜ፥ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የሚታዩት መላእክት ስድስት ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሠራተኞቹ የግድግዳውን ሙቀት በሚለይ መሣሪያ ሲመረምሩ ልስን በሞላበት አንድ ስፍራ ከሥር ሌላ ነገር እንዳለ ተረዱ። ልስኑን በጥንቃቄ ሲያነሡት ክንፉ፥ ቀጥሎም ፊቱና የዘረጋው እጁ ተገለጠ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ስድስት ይባሉ የነበሩት የሰሜን ግድግዳ መላእክት ዛሬ ሰባት ሆነው ይቈጠራሉ።